አሸዋ የያዘው ሃይሉክስ እና ባለ ጋንቾው ገመድ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ፣ በሽንሌ በኩል ወደ ገጠር ዕቃ አመላልሳለሁ። ባለፈው ደረቅ ወንዝ ስሻገር አሸዋ ያዘኝ። አንድ አይሱዙ ተንደርድሮ ሲጎትተኝ የገመዱ ጋንቾ ተቀንጥሶ በረረና ታርጋዬን መትቶ አለፈ። ገመዱ ቢጫ፣ ባለ ሁለት ጋንቾ፣ 5 ቶን ይችላል ተብሎ የተሸጠልኝ ነው። አሁን ሻጩ 20 ቶን የሚችል ውሰድ ይለኛል። አጎቴ ሰንሰለት ግዛና ተገላገል ይላሉ። ኋላ ያለችው የተሳቢ ኳስ ላይ ብታስረው ምንም አይሆንም ያለኝም አለ። የቱን ልስማ?»

ምላሽ፦ ማንንም። ከሦስቱ ደግሞ የአጎትህ ይብሳል። እሳቸው ሰንሰለት ሲሠራ ያዩት ምናልባት ከባድ መኪና ቀስ ብሎ ሲጎትት ነው፣ ያኔ ይሠራል። ዛሬ ሰው የሚያደርገው ግን ሌላ ነው፤ ገመዱን ያላላል፣ ይንደረደራል፣ ነጥቆ ለማውጣት ይሞክራል። ይህን በሰንሰለት የሚሞክር ሰው ወይ ሻንሲ ያጣምማል ወይ ሰው ይገድላል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። አንተ «ገመዱ አልቻለም» ብለህ ነው ሌላ የምትፈልገው። ከጻፍከው እንደሚገባኝ ግን ገመድህ አልተበጠሰም። የሄደው ጋንቾው ነው። ገመዱ 20 ቶን የሚችል ቢሆን ኖሮ ያው ጋንቾ ያው ቦታ ላይ ይቀነጠስ ነበር፣ እንዲያውም ሳይብስ አይቀርም። ለምን ይብሳል እንዳልኩ ልንገርህ።

ተንደርድሮ የሚመጣ መኪና ጉልበት ይዞ ነው የሚመጣው። 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሄደ ገመዱ ቢወጠርበት፣ ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መዋጥ አለበት። ገመዱ አንድ ሜትር ተለጥጦ ቢውጠው፣ ሁለቱ መኪኖች ላይ የሚያርፈው አማካይ ኃይል ወደ 1 ቶን ገደማ ነው። ገመዱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተለጥጦ ቢቆም ግን ወደ 10 ቶን ይደርሳል። መኪናው ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው፣ የተለየው የገመዱ መለጠጥ ብቻ ነው። ፍጥነቱን 20 ብታደርሰው ደግሞ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዳር ቆሞ «ትንሽ ረገጥ አድርገው!» እያለ የሚጮኸው ሰውዬ ይህን ሒሳብ አያውቀውም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ የትም ወንዝ ውስጥ አይጠፋም።

ስለዚህ ገመድ ስትገዛ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ይለጠጣል ወይ?» ብለህ ነው። ቶኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የሚለጠጠው ናይለን ነው። ለመንጠቅ ተብሎ የሚሠራው ጠፍጣፋ የናይለን ገመድ፣ እንደ ወፍራም ቀበቶ ያለው፣ በደንብ ሲወጠር ከርዝመቱ እስከ 20 በመቶ ገደማ ይረዝማል። 9 ሜትሩ ወደ 11 ሜትር ይጠጋል ማለት ነው። ከዚያ እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል፤ አሸዋ የያዘውን መኪና ነቅሎ የሚያወጣው ይሄ መሰብሰቡ ነው። ከናይለን የተገመደ ክብ ገመድም አለ፣ እስከ 30 በመቶ ድረስ ይሄዳል። እሱን ካገኘህና ኪስህ ከቻለ አልከለክልህም። ፖሊስተር ግን ሌላ ነገር ነው። ጠንካራ ነው፣ ነገር ግን እምብዛም አይለጠጥም። የተበላሸ መኪና አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለመሳብ ወይም የዊንች (ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት መሣሪያ) ገመድ ዛፍ ላይ ለማሰር ጥሩ ነው፣ ለመንጠቅ ግን አይሆንም። ሌላ ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ርካሽ ዓይነት አለ። እሱን ለመለየት ባልዲ ውሃ ይበቃሃል፤ ይንሳፈፋል። ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ።

ሻጭህ 20 ቶን ያለው ምን እንደሆነ ሳልገምት አልቀርም። የክሬን ዕቃ ማንሻ ቀበቶ ይመስለኛል። እነዚህ ቀበቶዎች በቀለም ይለያሉ፤ ሐምራዊው 1 ቶን፣ አረንጓዴው 2፣ ቢጫው 3፣ ግራጫው 4፣ ቀዩ 5 ቶን ለማንሳት ነው። የሚበጠሱት ግን ከዚያ በሰባት እጥፍ ስለሆነ፣ ቢጫው እስከ 21 ቶን ድረስ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ላይዋሽህ ይችላል። ችግሩ አብዛኛዎቹ ፖሊስተር መሆናቸው ነው። ለክሬን ሥራ ደግሞ እንዲለጠጥ አይፈለግም፣ ተሰቅሎ የሚዘል ዕቃ ማን ይፈልጋል? ላዩ ላይ የተሰፋውን ጨርቅ እየው። ሰማያዊ ከሆነ ፖሊስተር፣ አረንጓዴ ከሆነ ናይለን፣ ቡናማ ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን ነው። የቀበቶውን ቀለምና የጨርቁን ቀለም እንዳታምታታ ብቻ፤ አንዱ ክብደቱን፣ ሌላው ከምን እንደተሠራ ነው የሚነግርህ።

አሁን ወደ ቶኑ እንምጣ። ደንቡ ቀላል ነው። ከሁለቱ መኪኖች ቀላሉን ትወስዳለህ፣ ከነጭነቱ ስንት እንደሚመዝን ታያለህ፣ ገመዱ የሚበጠስበት መጠን የዚያን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ያንተ ሃይሉክስ ከነጭነቱ ወደ 3 ቶን ገደማ ነው። ከ6 እስከ 9 ቶን መካከል ማለት ነው፣ ስለዚህ 8 ቶኑ ልክህ ነው። ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ነው። 11 ቶን የሚለው ለተጫነ ላንድክሩዘርና ከዚያ ለሚከብድ ነው። አንተ እሱን ብትገዛ «ለክፉ ቀን ይበልጥ ጠንካራ ያዝኩ» ትላለህ እንጂ መኪናህ ቀላል ስለሆነ ገመዱን በሚገባ መለጠጥ አይችልም፣ ስለዚህ ምቱ በሙሉ ሻንሲህ ላይ ያርፋል። ከላይ ይብሳል ያልኩህ ይህንን ነው። እንደ ጫማ አስበው፣ ሰፊው ይሻላል አይባልም።

ገመዱ የፈለገውን ያህል ምርጥ ይሁን፣ የምታስረው ቦታ ካልሆነ ዋጋ የለውም። የሰው ሕይወት ሲጠፋ የማየው በብዛት እዚህ ላይ ነው።

የተሳቢ ኳስ ላይ አትሰር። በጭራሽ። ኳሷ የተሠራችው ተሳቢ ረጋ ብሎ እንዲጎተትባት ነው፣ ለመንጠቅ አይደለም። አንገቷ ላይ ስትቀነጠስ ገመዱ እንደ ወንጭፍ ይዟት ይሄዳል። አውስትራሊያ ውስጥ፣ እዚያ ሰው በረሃ ለበረሃ መንዳት መዝናኛው ነው፣ በዚህች ኳስ የሞቱ ሰዎች አሉ። ኳሷ በሳጥን ቅርጽ ባለ ብረት ውስጥ ገብታ በፔርኖ የምትያዝ ከሆነች ግን ምላሷን ከነኳሷ አውጣትና፣ እዚያ ሳጥን ውስጥ የሚገባ ለመጎተት የተሠራ ብረት አስገባበት። ያ ጥሩ ቦታ ነው፣ ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ስለሆነ።

ከፊት ደግሞ ከባምፐሩ ሥር የምታያት ቀጭን የብረት ቀለበት አለች። ብዙ ሰው መጎተቻ ትመስለዋለች። ብዙውን ጊዜ መኪናው መርከብ ላይ ሲጫን እንዳይንቀሳቀስ የሚታሰርባት ናት። ለመርከብ ታስባ የተሠራች ቀለበት አሸዋ ውስጥ የተቀበረ 3 ቶን አትነቅልም። የሚያስፈልግህ ወፍራም ብረት ሆኖ በጠንካራ ቡሎኖች በቀጥታ ሻንሲው ላይ የሚታሰር የመጎተቻ ነጥብ ነው። ለሃይሉክስ ተብሎ ተዘጋጅቶ ይመጣል። በብየዳ የሚሠራልህ ባለሙያ ካገኘህም ራሱ ብየዳው ላይ አትተማመን፣ በቡሎን የሚታሰር ይሁን።

ይህን ሁሉ የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ፣ መካኒክ ነኝ ባዩ ሰውዬ፣ ከኤረር በታች አንድ ፒክአፕ ላወጣ ገመዱን የፒክአፑ የኋላ ባምፐር ላይ አሰርኩት። ቸኩዬ ነበር፣ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ገመዱ የባምፐሩን ግማሽ ይዞ ሄደ። ጋንቾው የእኔን የኋላ መስታወት ሰብሮ ገባ። ረዳቴ ከዚያ በፊት ሁለት ደቂቃ እንኳ በማይሞላ ጊዜ ሽንቱን ሊሸና ወርዶ ነበር። ሲመለስ ጋንቾው የሱ ወንበር መደገፊያ ላይ ተሰክቶ አገኘነው፣ ስፖንጁ ወጥቶ፣ ልክ ትከሻው የሚያርፍበት ቦታ ላይ። ልጁ አየውና ምንም አላለም። ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለ ጋንቾ ገመድ መኪናዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ጋንቾ ከሌለ በምን ይያያዛል? በሻክል። የፈረስ ኮቴ የመሰለች፣ በጥርስ የሚጠብቅ ፔርኖ ያላት። 4.75 ቶን የሚለው ብረቷ ላይ ተቀርጾ ያለባትን ግዛ፣ በቀለም የተጻፈውን ወይም ምንም ያልተጻፈበትን ተወው። ፔርኖውን እስከ መጨረሻው አጥብቀህ ሩብ ዙር መልሰው፣ አለበለዚያ ከጎተትክ በኋላ በመዶሻም አይፈታልህም። ፔርኖው ከጠፋ ደግሞ ቡሎን አትተካበት። እዚህ አገር ሁሉም ነገር በቡሎን ይተካል፣ ይሄኛው አይተካም። ከገመድ የተሠራ ለስላሳ ሻክልም አለ። ቢበጠስ እንደ ብረት ጥይት አይሆንም፣ ስለዚህ ከቻልክ እሱ ይሻላል፣ ስለት ያለው ብረት ላይ እንዳይታሸ ብቻ ተጠንቀቅ። ገመዱ አጠረህና ሁለት ገመድ ልትቀጥል ከፈለግህ በመካከል ብረት አታስገባ። አንዱን በሌላው ቀለበት አሾልከህ አያይዘው፣ መካከሉ ላይ የተጠቀለለ ጋዜጣ ወይም እንጨት አድርግበት ተጣብቆ እንዳይቀር። ቋጠሮ ግን የለም። የተቋጠረ ገመድ አቅሙን እዚያው ያጣል።

አወጣጡ ላይ፣ አይሱዙው ምን እንዳጠፋ ልንገርህ። የተጫነ አይሱዙ ካንተ እጥፍና ከዚያ በላይ ይመዝናል። እሱ ሲንደረደር ጉልበቱ በዚያው ልክ ነው፣ ገመዱ ደግሞ ላንተ ልክ የተመረጠ ነው። ስለዚህ ከባድ መኪና ሲጎትትህ መንደርደር የለም። ገመዱን ወጥሮ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ዝም ብሎ ይሂድ። ክብደቱ ራሱ ያወጣሃል። መንጠቅ የሚሠራው ክብደታችሁ ሲቀራረብ ነው።

ሲቀራረብ ደግሞ እንዲህ ነው። ሁለቱን መኪኖች በተቻለ መጠን በአንድ መስመር አድርጓቸው። ገመዱ መሬት ላይ ከ2 እስከ 3 ሜትር ያህል ላላ ብሎ ይተኛ፣ ያልተጠማዘዘ መሆኑን አይተህ። አንድ ሰው ብቻ ያዝዛል፣ ሌላው ዝም ይላል፤ ይሄ እኛ ዘንድ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው ተመርቅኖ ሁሉም ሾፌር በሆነበት ሰዓት። ሁሉም ሰው ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ገመዱ 9 ሜትር ከሆነ 14 ሜትር ገደማ ነው። ልጆች ይመጣሉ፣ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም ግን ይመጣሉ፤ እነሱ ሳይርቁ ሞተር አታስነሳ። ገመዱ መካከል ላይ ከባድ ነገር ጣል፣ እርጥብ ብርድ ልብስ ወይም አሸዋ በግማሽ የተሞላ ማዳበሪያ። ሽርጥ አይበቃም፣ ሰው ሽርጥ ሲጥልበት ስላየሁ ነው። ብርድ ልብሱም ቢሆን የሚበረውን ብረት ያበርደዋል እንጂ አያቆመውም።

ከዚያ የሚጎትተው ፎር ሎው (አራቱም ጎማ የሚጎትትበት ዝቅተኛ ማርሽ) ላይ ሆኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት ይሂድ። አንተም ገመዱ ሲወጠር በዝቅተኛ ማርሽ ነዳጅ ቀስ ብለህ ስጥ። ጎማህ ባለበት ከተሽከረከረ አቁም፣ መቃብርህን እየቆፈርክ ነው። ካልወጣ ሁለተኛው ትንሽ ፈጠን ይበል። ሦስት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ፍጥነት አትጨምሩ። መኪናው የሆነ ነገር ይዞታል። ውረዱና ቆፍሩ። ገመዱም በዚህ መካከል ይረፍ፣ ናይለን ሲለጠጥ ይሞቃል፣ ወደ ቦታው ለመመለስም ጊዜ ይፈልጋል።

ስለ መቆፈር ካነሳን አይቀር፣ ባለፈው ጊዜ ምናልባት ገመድ ጭራሽ አያስፈልግህም ነበር። ጎማህ ስንት ንፋስ ነበረው? ዕቃ ጭነህ ስለነበር 40 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ላይ የሚነበበው) ገደማ ሳይሆን አይቀርም። አሸዋ ውስጥ 40 ማለት ባለ ሹል ተረከዝ ጫማ አድርጎ መሄድ ማለት ነው። 18 አድርሰው፣ እምቢ ካለ 15። ጎማው ይረዝምና አሸዋው ላይ ይተኛል፣ መስጠም ያቆማል። ጭነቱን አውርድ። ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር ያለውን አሸዋ ጠርግ። ከአሥር ጊዜ ስምንቱን በዚህ ብቻ እወጣለሁ፣ ከድሬ ተነስቼ ሽንሌ፣ ኤረር፣ የትም ስሄድ። ከ15 በታች ግን አትውረድ፣ ጎማው ከቸርኬው ሊወልቅ ይችላል። የላላ ጎማ ይዘህ በፍጥነት አትጠምዝዝ፣ የፕሮሶፒስ እሾህ ያለበት ቦታም ጎኑን ይወጋብሃል። አስፋልት ከመውጣትህ በፊት መልሰህ ሙላ። በለሰለሰ ጎማ የደንገጎን ዳገት መውጣት ማሰብም የለብህም። ወደ ሐረርና ሐሮማያ በኩል ጭቃ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይለያል፣ ጭቃ ይመጥጣል፤ ከጎማው ዙሪያ ቆፍረህ አየር እንዲገባ ካላደረግህ መጀመሪያ የምትጎትተው መኪናውን ሳይሆን ጭቃውን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ከገመድ ጋር ባይገናኝም። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ተይዘህ ወደ ተራራው በኩል ደመና ካየህ፣ ሰው አውጣ። መኪናውን ተወው። አቦ፣ ይህንን ለድሬ ልጅ መንገር አለብኝ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ዝናቡ ተራራው ላይ ነው የሚዘንበው፣ አንተ ያለህበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ጎርፉ ይደርሳል። ከገመድና ከሻክል ጋር ስትታገል ድምፁን የምትሰማው ዘግይተህ ነው።

እንግዲህ ግዛ የምልህ ይህ ነው። አንድ የናይለን መንጠቂያ ገመድ፣ 8 ቶን፣ 9 ሜትር፣ ጫፎቹ የተሰፋ ቀለበት እንጂ ጋንቾ የሌላቸው፣ ከምን እንደተሠራና ስንት ላይ እንደሚበጠስ የተጻፈበት። ይህ ካልተጻፈበት በነፃም ቢሰጥህ አትውሰድ። ሁለት ሻክል። ከፊትና ከኋላ ሻንሲ ላይ የታሰረ የመጎተቻ ነጥብ። አካፋ፣ የንፋስ መለኪያና ትንሽ መንፊያ። ገንዘቡ ለሁሉም በአንዴ ካልበቃ አካፋውን፣ መለኪያውንና መንፊያውን አስቀድም፣ ቀጥሎ የመጎተቻ ነጥቡን፣ ገመዱን መጨረሻ ግዛ። ሻጩ ይህን ቅደም ተከተል አይወደውም።

ገመዱን ጣሪያ ላይ አታስቀምጠው፣ የኛ ፀሐይ ይበላዋል። ከባትሪ አጠገብም አይሁን፣ አሲድ ናይለን ይፈጃል። ከተጠቀምክ በኋላ በንጹሕ ውሃ እጠበውና ጥላ ውስጥ አድርቀው፤ በክሮቹ መካከል የገባ አሸዋ በተወጠረ ቁጥር እንደ መጋዝ ይቆርጣል። የረጠበ ናይለንም አቅሙ ይቀንሳል። ጠርዙ ተቆርጦ፣ ስፌቱ ተፈትቶ ወይም አንድ ቦታ ላይ ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ደርቆ ካየኸው ሥራው አልቋል። ስትጥለው የጫፉን ቀለበት በቢላ ቁረጠው፣ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጎትትበት።

ያንን ቢጫውን ዛሬውኑ የቀረውን ጋንቾ ቁረጥለትና ዕቃ ማሰሪያ አድርገው።